ዛሬ ሚካኤል ነው

እናቴን ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት መርሳት ስላበዛች ነው። ድስት ጥዳ ትረሳለች። የልጄን ስም ከእኔ ስም ጋር ታቀያይራለች። አንድ ቀን ደግሞ ከቅዳሴ ስትመለስ የራሳችንን በር አልፋ ሄዳ ጎረቤት መልሶ አመጣት። መርማሪው ትሁት ወጣት ነበር። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው እማማ?» አላት። «ሚካኤል ነዋ!» አለችው። ልጁ ወረቀቱ ላይ የኤክስ ምልክት አደረገ። ቀኑ ግን 12 ነበር።

ዓመተ ምሕረቱን ሲጠይቃት ዝም አለች። ከመቶ ጀምረው ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩ ሲላት «ገበያ ልትልከኝ ነው?» አለችው። ስንወጣ አላናገረችኝም። ፒያሳ ስንደርስ ብቻ ነጠላዋን አስተካክላ «ፈተነኝ እኮ» አለች፤ «እንደ ተማሪ»።

ቃሏ እኔንም ነካኝ። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስፈትን ነው የኖርኩት። ለካ እቤትም እየፈተንኳት ነበር። «እምዬ፣ ይሄን ሰውዬ አስታወስሽው? የእገሌ ሠርግ ትዝ ይልሻል?» እላታለሁ። ካወቀችው ደስ ይለኛል፤ ካላወቀችው ፊቴ ይቀየራል። እሷ ደግሞ ፊደል ባትቆጥርም ፊት ማንበብ ታውቅበታለች።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ድሮ ድሮ አረጋዊ ስላለፈው ዘመን ደጋግሞ ሲያወራ ሐኪሞች ሳይቀሩ የመጃጀት ምልክት ያደርጉት ነበር። ሮበርት በትለር የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን አስተሳሰብ ተቃወመ። ሰው በዕድሜው ማምሻ ወደ ኋላ የሚመለሰው የኖረውን ሊመረምር፣ ያልተቋጨውን ሊቋጭ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዞች የድሮ ፎቶና የድሮ ድምፅ አሰናድተው ለአረጋውያን ማሳየትና ማሰማት ያዙ። ትዝታን የቅኝት ስም ያደረግን እኛ ግን፣ የእናቶቻችንን ወሬ «ደሞ ጀመረች» እያልን እናቋርጣለን።

የመርሳት በሽታ መጀመሪያ የሚበላው አዲሱን ነው። ትናንት የበሉት ይጠፋል፤ የልጅነቱ ይቆያል። በሽታ የሌለበት አዛውንትም ቢሆን አብዝቶ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜው ያየውን ነው። እናቴ ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ነው የተወለደችው፤ «ጣሊያን ከወጣ በሦስተኛው ዓመት፣ ገብስ ሲታጨድ» ትላለች። ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ስለሆነ ሒሳቡ ሰማንያ አንድ ግድም ያደርሳታል። የልደት ወረቀት የላትም፤ ያለ ወረቀት ግን ከእኔ የተሻለ ታሰላለች። ለእሷ ዘመን ማለት ጣሊያን፣ የመሬት አዋጁ፣ የ77ቱ ድርቅ ነው።

ያነበብኩትን እቤት ልሞክረው ብዬ ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ጎረቤቶቿን ቡና ጠራሁ። ሁለቱ የማርያም ማኅበርተኞቿ ናቸው፤ አንደኛዋ የመነኮሱ እማሆይ ናቸው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሸፈብኝ። የፋሲል ግቢን ትልቅ ፎቶ አሳትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር። እማሆይ ቀና ብለው አዩትና «እኛ መቼ ገብተን እናውቃለን? በአጥሩ ሥር ገበያ ስንወርድ ነው የምናውቀው» አሉ። ወሬው ወደ በርበሬ ዋጋ ዞረ። የእኔ ቱሪስት ዓይን ነው ያሳሳተኝ። ለእነሱ ጎንደር ማለት አጥሩ፣ ሸክሙ፣ የቀሃ ውኃ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ምንም አልጠየቅኩም። አቦል ሳይቀዳ እንዝርትና ጥቂት አመልማሎ እናቴ ጭን ላይ አስቀመጥኩ። እንዝርቱን አገላብጣ አየችው፤ «ይሄ የማን ነው? ጠማማ ነው» አለች። ከዚያ ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ አሾረው፤ ግራዋ ጥጡን ይዛ ወደ ላይ ሳበች። ክሩ ቀጭን፣ ወጥ ሆኖ ወጣ። የራሷን በር አልፋ የሄደችው ሴት ክሩን አንዴም አልበጠሰችም። አፏ የተፈታው እጇ ከተፈታ በኋላ ነው፤ የእናቷ ደጋን፣ ባዘቶ ሲነደፍ ቤቱ እንዴት ነጭ በነጭ እንደሚሆን፣ ከፈትሉ የተሠራው ጋቢ፣ ጋቢውን ለብሶ የሄደው ወንድሟ። ቶና ሲደርስ አራቱም እኩል ያወሩ ነበር፤ ማን ማንን እንደሚሰማ እንጃ።

ሎሚውን ያመጣሁት ጥር ላይ ነው። ወገራ ደጋ ስለሆነ ሎሚ ከቆላ በገበያ የሚመጣ ብርቅ ነገር ነበር፤ በጥምቀት ደግሞ ጎረምሳ የወደዳትን ልጃገረድ በሎሚ ይመታል። እናቴ ሎሚውን አሸተተችው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ከአክስቷ ጋር ጎንደር ወርዳ፣ ባሕረ ጥምቀቱ አጥር አጠገብ ቆማ ሳለ ደረቷ ላይ ሎሚ እንዳረፈባት ነገረችን። «አባታችን ነው የወረወረው?» አልኳት። «አባትሽማ ገብስ ነበር የሚሸጠው» አለች። እማሆይ ቆባቸውን ይዘው ሳቁ።

ሁልጊዜ ሳቅ አይደለም። አንድ ቀን የካሳ ተሰማን ክራር ከስልኬ ከፈትኩላቸው፤ አንደኛዋ ጎረቤት ዜማውን ሰምታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጇ ይወደው ነበር። በ1970 ቀይ ሽብር ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። ልዘጋው ስል እማሆይ በእጃቸው ከለከሉኝ። ማንም አላጽናናትም፤ «ተይው» ያላትም የለም። እጣን ተጨመረ። ከብዙ ዝምታ በኋላ የልጁን ስም ራሷ ጠራች፤ እኔ ሃያ ዓመት ጎረቤቷ ስሆን ስሙን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የዚያን ዕለት በረካ ሳይጠጣ የተነሣ የለም። እንዲህ ያለውን ነገር ፈልጎ መቆፈር ግን ነውር ነው እላለሁ፤ ራሱ ሲመጣ ነው የሚቀመጡለት።

ይህ የትዝታ ቡና መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ ትዝታን የመቀስቀስን ጥቅም ትንሽና እንደ ቦታው የሚለያይ ብሎታል። እናቴ ዛሬም ድስት ጥዳ ትረሳለች፤ ምድጃውን የምጠብቀው እኔ ነኝ። የተለወጠው ቅዳሜ ቅዳሜ ነጠላዋን ቀይራ እንግዶቿን በር ላይ መጠበቋ ነው።

የማረም አመሌ ግን ገና አልለቀቀኝም። ሎሚውን የወረወረው በመጀመሪያ የዳባት ልጅ ነበር። ቀጥሎ ነጋዴ ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ የደባርቅ ሰው፣ ያውም ፈረሰኛ ነው። ቀይ እስክሪብቶዬ አማረኝ፤ ቡናዬን ጠጣሁ። ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ስንት ናቸው?» አለችኝ። እናቴ ሰማቻት።

«ሎሚው ነው አንድ» አለች፣ እንዝርቷን እያሾረች።