የባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን አምሳያ አሠራር

ተማሪዎች፣ በጂኦግራፊ ትምህርት የካርታን መስፈርት ተምራችኋል። የአውሮፕላን አምሳያም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በ1/72 መስፈርት የተሠራ አምሳያ ርዝመቱ የእውነተኛው አውሮፕላን አንድ ሰባ ሁለተኛ ነው። ለምሳሌ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ለውጊያ የተሰለፈው ሶፕዊዝ ካሜል የተባለው የእንግሊዝ አውሮፕላን ከአንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ሌላው 8.53 ሜትር ነበር፤ አምሳያው ግን 12 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም።

የአምሳያው ክፍሎች ከቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ጋር እንደ ተያያዙ በሳጥን ይሸጣሉ። ሠሪው እያንዳንዱን ክፍል በምላጭ ቆርጦ ያወጣል፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ ከማጣበቁም በፊት ገጣጥሞ ይሞክረዋል። ይህን ሙከራ መዝለል አይገባም። ማጣበቂያው የፕላስቲኩን ገጽ አሟሙቶ ሁለቱን ክፍሎች አንድ አካል ስለሚያደርጋቸው፣ ተዛብቶ የተጣበቀ ክፍል ሳይሰበር አይላቀቅም። ሽታውም ለጤና ጎጂ ስለ ሆነ መስኮት ከፍቶ መሥራት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው የላይኛውን ክንፍ መትከል ነው። ክንፉ የሚያርፈው ከክብሪት እንጨት በቀጠኑ ምሰሶዎች ላይ ስለ ሆነ፣ አንዱ ምሰሶ ቢያዘነብል ክንፉ በሙሉ ይጣመማል። ከዚህም በላይ ክንፎቹ ከተገጠሙ በኋላ ብሩሽ በመካከላቸው እንደ ልብ አይገባም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ አስቀድሞ ክንፎቹን ለየብቻ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያም ምሰሶዎቹን አቅንቶ ይተክላል፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅም ሳይነካው ያሳድረዋል።

በመጨረሻ ክንፎቹን ወጥረው የሚይዙት ሽቦዎች ይቀራሉ። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሽቦ በአምሳያው ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥራ ስምንተኛ ብቻ ይሆናል። ይህን ያህል የቀጠነ ክር ከየት ይገኛል? ክፍሎቹ ተቆርጠው ካለቁ በኋላ ከተረፈው ዘንግ ነው። ዘንጉን ከሻማ ነበልባል በላይ እያዞሩ ያሞቁታል፤ ሲለሰልስ ከእሳቱ አርቀው ሁለቱን ጫፎች በዝግታ ይስቡታል። ያን ጊዜ እንደ ጠጉር የቀጠነ ክር ይሆናል። ክሩም በልክ ተቆርጦ በወረንጦ ተይዞ ይገጠማል። እንግዲህ ሊጣል የነበረው ትርፍ ከሥራው ሁሉ የረቀቀውን ቦታ ያዘ ማለት ነው።

የአንድን ነገር አሠራር የሚያስረዳ ድርሰት ስትጽፉም ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ እያንዳንዱ ተግባር ለምን ከሌላው እንደሚቀድም ምክንያቱን ግለጹ።

መልመጃ
1. ክንፎቹ ከመገጠማቸው በፊት ቀለም የሚቀቡት ለምንድን ነው?
2. በአካባቢያችሁ የሚሠራ አንድ የእጅ ሥራ መርጣችሁ አሠራሩን በሦስት አንቀጽ አስረዱ።