ከፋሲል ግንብ ወዲያ፦ ወለቃ

የጎንደር ልጅ የፋሲልን ግቢ ሳያይ ስምንተኛ ክፍል አይደርስም። ወለቃን ግን በመኪና መስኮት እያየ የሚያልፈው ይበዛል። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ጥቂት እንደራቁ የዳዊት ኮከብ የተሳለባቸው ጎጆዎችና በመንገድ ዳር የተደረደሩ የሸክላ ቅርጾች ይታያሉ። መንደሩ ለዘመናት የቤተ እስራኤል መኖሪያ ነበር። የአካባቢውን ባህል ተማሪዎቹን ይዞ ወጥቶ ማስተማር ለሚፈልግ መምህር ከዚህ የቀረበ ቦታ የለም፤ ከዚህ የከበደም እንዲሁ፣ ባለቤቶቹ ሄደዋልና።

ቤተ እስራኤሎች ኦሪትን የሚያነቡት በግዕዝ ነበር። መሪዎቻቸው ቄስ ይባላሉ፤ የጸሎት ቤታቸው ደግሞ መስጊድ። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋ፣ የሰንበት ምግብም አስቀድሞ ይሰናዳ ነበር። የወር አበባ ያየች ሴት ለብቻዋ በተሠራች ጎጆ ትቆይ ነበር። አራስም እንደዚሁ፤ ወንድ ከወለደች 40፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን። እዚህ ላይ መምህሩ ትንሽ ቆም ይበል። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ በ40 ወይም በ80 ቀናቸው የተጠመቁ ናቸው፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን ጠይቀው አያውቁም። ከኦሪት ዘሌዋውያን ነው። ለጉብኝት የተሄደበት «የሌላው» ባህል ግማሹ የራስ ሆኖ ይገኛል።

ሸክላና ብረት የቤተ እስራኤሎች ሥራ የሆነበት ምክንያት ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። ከ15ኛው መቶ ዘመን የአፄ ይስሐቅ ዘመቻ ጀምሮ ያልተጠመቀ ሰው ርስት እያጣ ሄደ። አፄ ሠርፀ ድንግልና አፄ ሱስንዮስ በሰሜን ተራሮች ካካሄዱት ውጊያ በኋላም የራሳቸው አገዛዝ አከተመ። ርስት የሌለው ሰው የሚኖረው በእጁ ነው። ወንዶቹ አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ ግንበኛ ሆኑ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ በነገሥታቱ ግንባታዎች ላይ ግንበኞቻቸውና አናጺዎቻቸው ተሳትፈዋል፤ በፋሲል ግቢ ጉብኝት ይህ እምብዛም አይነሳም። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ከእነሱ ይገዛ ነበር፤ መልሶም «ቡዳ» እያለ ይፈራቸው ነበር። ልጆቹ ይህን ቃል ከቤታቸው ይዘውት ስለሚመጡ፣ እንዳልሰሙ ከማለፍ አውጥቶ መነጋገሩ ይሻላል። «ፈላሻ» የሚለውንም መጠሪያ ባለቤቶቹ አይወዱትም።

አሁን በወለቃ ሸክላ የሚሠሩት በአብዛኛው ጎረቤት የነበሩ ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። አፈሩ ተቆፍሮ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ጠጠሩ ይለቀማል፣ ከዚያ በውሃ ርሶ ይታሻል። መሽከርከሪያ የለም፤ ጭቃውን ከፍ የምታደርገውም ዙሪያውን የምታስተካክለውም እጅ ናት። በለስላሳ ድንጋይ ታሽቶ በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ውስጡ እርጥበት የቀረ እንደሆነ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ሲተኮስ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ይሰነጥቀዋል፤ የፊዚክስ መምህሩም አብሮ ቢመጣ አይከስርም። ምጣዱ ከእሳት እንደወጣ ወዲያው እንጀራ አይጋገርበትም፤ ቤት ሄዶ በጎመን ዘር መሟሸት አለበት።

ተማሪዎች መጀመሪያ የሚሻሙት ትንንሾቹን ቅርጾች ነው፤ አንበሳ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። እነዚህን «ጥንታዊ» ማለት ግን ስህተት ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን የውጭ አገር ጎብኚ ሲበዛ ለእሱ ተብሎ የመጣ ሥራ ነው። ጥንታዊው ዕቃ ጥግ ላይ ማንም ሳያየው የተቀመጠው ጀበናና ምጣድ ነው፤ እኔ መምህሩን ብሆን ማስታወሻ የማስይዘው ስለ እሱ ነበር።

የቤተ እስራኤሎች የመሄዳቸው ታሪክ ሁለት ትልልቅ ምዕራፎች አሉት። በ1970ዎቹ ብዙዎች ከጎንደር በእግር ወደ ሱዳን ወጡ። በመንገድና በመጠለያ 4,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይነገራል፤ ከተረፉት ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በምስጢር በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተጓዘ። ወንበሮቹ በተነሱለት አንድ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ተሳፍሯል። በጎንደር አካባቢ ባለችው አምቦበር ቄሶች ኦሪቱን ተሸክመው፣ ሕዝቡ እየጾመ ኮረብታ ወጥቶ ያከብረው የነበረው የሲግድ በዓል ዛሬ የሚከበረው በኢየሩሳሌም ነው፤ በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ፓርላማ በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል።

ባለቤቶቹ ካልሄዱበት ቦታ ጋር እናነጻጽረው፦ በካናዳ አልበርታ፣ ብላክፉት የሚባሉት ነባር ሕዝቦች በራሳቸው መሬት ላይ ባቆሙት ማዕከል ተማሪን የሚያስጎበኙት ራሳቸው ናቸው። ልጁ የጠየቀውን አዛውንቱ ይመልሱለታል። ወለቃ ላይ ግን ስለ ሰንበትና ስለ ፋሲካ ቂጣ ቢጠየቅ፣ የሚመልሰው ጎረቤት ሆኖ ያየ፣ ወይም ካየ የሰማ ነው። ስለዚህ ጉዞው ከመንደሩ ውጭም መቀጠል አለበት። ቤተ እስራኤሎችን ማረሻ ያሠሩና ከእነሱ እንሥራ የገዙ ሽማግሌዎች በየቀበሌው አሉ። ጎንደር ከተማ ውስጥም በእስራኤል ያሉ ዘመዶቻቸውን ለመቀላቀል ዓመታት የጠበቁ፣ በየሰንበቱ ተሰብስበው የሚጸልዩ ሰዎች ይኖራሉ፤ አስቀድሞ ማስፈቀድ ይገባል እንጂ እንደ ሙዚየም በር ተከፍቶ አይገባም።

ከእስራኤል ቤተሰብ ይዘው የወላጆቻቸውን መንደር ሊያዩ የሚመጡም አሉ። ክፍሉ ከእነሱ ጋር ከተገጣጠመ መምህሩ ማስታወሻውን አጥፎ ልጆቹ እንዲጠይቁ ይተው። አያቶቹ በጎንደር አማርኛ ይመልሳሉ፤ የልጅ ልጆቹን መልስ ግን አያት ከዕብራይስጥ መተርጎም ሊኖርባቸው ይችላል።