ለረጅም የመዝናኛ ጉዞ የሚመች የአስፋልት ብስክሌት አመራረጥ

ብስክሌት ገዝተው ጥቂት ሳምንታት ከተጠቀሙ በኋላ ከቤት ጥግ የሚያቆሙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የነጂው ስንፍና ሳይሆን ብስክሌቱ ለአካሉና ለጉዞው አለመስማማቱ ነው። የውድድር ብስክሌት መሪው ከመቀመጫው ዝቅና ራቅ ያለ በመሆኑ ነጂውን ወደ ፊት ያጎነብሳል። ይህ ለፍጥነት ቢጠቅምም ለሁለትና ሦስት ሰዓት በእርጋታ በሚጓዝ ሰው ላይ የእጅ መደንዘዝን፣ የአንገትና የወገብ ሕመምን ሊያስከትል ይችላል። በመሆኑም ለመዝናኛ የሚገዛ ብስክሌት መሪው ከመቀመጫው ጋር እኩል ወይም በጥቂቱ ብቻ ዝቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል።

ከዋጋና ከስም አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው የፍሬሙ መጠን ነው። መቀመጫ፣ መሪና ጎማ በኋላ ሊቀየሩ ይችላሉ፤ ከነጂው ቁመት ጋር የማይመጣጠን ፍሬም ግን አይታረምም። ገዢው ጫማውን አውልቆ ከግድግዳ ተጠግቶ በመቆም ከወለሉ እስከ ብሽሽቱ ያለውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ለክቶ በ0.67 ቢያባዛ ተቀራራቢውን መጠን ያገኛል። ርዝመቱ 80 ከሆነ ከ53 እስከ 54 ቁጥር መሞከር ይቻላል። ስሌቱ መነሻ ብቻ በመሆኑ ሳይነዱ መግዛት አይመከርም። ለሙከራ፣ ተረከዝ በፔዳሉ ላይ አርፎ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ቀጥ እንዲል የመቀመጫው ከፍታ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ መሪው ሲያዝ ክርን በመጠኑ ካልታጠፈና ክንድ ከተወጠረ፣ ብስክሌቱ ለነጂው ረጅም ነው።

በኮብልስቶንና በተቦረቦረ አስፋልት ላይ 23 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ጎማ ነጂውን ያደክማል። ከ28 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ያለው በአነስተኛ የአየር ግፊት ስለሚሠራ ንዝረትን ይቀንሳል፤ ሆኖም ፍሬሙና ፍሬኑ ለዚህ ስፋት ቦታ ያላቸው መሆኑ ይጣራ። አንድ ትንሽ የምትመስል ጉዳይም አለች፦ የብዙ አስፋልት ብስክሌቶች ካላማዳሪያ ቫልቩ ቀጭን ስለሆነ ለመኪና ጎማ የተዘጋጀው የጎሚስታ መንፊያ አይገጥመውም። አነስተኛ መግጠሚያ ወይም የእጅ መንፊያ ይዞ መጓዝ ከመንገድ ከመቅረት ያድናል።

ማርሽን በተመለከተ ወሳኙ የአካባቢው አቀማመጥ ነው። በሐዋሳና በባሕር ዳር ሜዳ ጥቂት ማርሽ ይበቃል። ከአዲስ አበባ በእንጦጦ አቀበት ወደ ሱሉልታ ለሚወጣ ግን የፊቱ ትንሹ ማርሽ 34 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ ከ32 ያላነሰ ጥርስ ቢኖረው ጉልበትን ይቆጥባል። ቁልቁለቱ ደግሞ ፍሬንን ይፈትናል።

ያገለገለ ብስክሌት ሲገዛ የፍሬሙ መጋጠሚያዎች ስንጥቅ የሌለባቸው መሆኑ በብርሃን ይታይ። የካርቦን ፍሬም ጉዳት ከውጭ ላይታይ ስለሚችል፣ ታሪኩ ካልታወቀ ዋጋው ቢረክስም ባይገዛ ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ ከፔዳሎቹ መሐል በፍሬሙ ሥር የሚገኘው ተከታታይ ቁጥር በሽያጭ ውሉ ላይ መስፈር ይኖርበታል፤ ብስክሌቱ ቢሰረቅ ባለቤትነትን ለማስረዳት ይህ ቁጥር ያገለግላል።