ብርቅ የሆኑ የጌዴኦ እንሰት ዝርያዎችን በቲሹ ካልቸር ስለማቆየት

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናና እንሰት ተዋሕደው የሚበቅሉበት ይህ አስተራረስ ለዓይን የማይታይ ሀብትም አለው። በዲላ ዙሪያ የሚገኝ የእንሰት ጓሮ ለእንግዳ ሰው ወጥ መስሎ ይታያል፤ ባለቤቱ ግን ጋንቲቾ፣ ቶራቾ፣ ኒፎ እያለ እያንዳንዱን ይለያል። አንዱ ለቆጮ፣ ሌላው ለአሚቾ ወይም ለቃጫ ይመረጣል፤ ለስብራት መጠገኛ ተብሎ የሚተከልም አለ። በጥቂት ጓሮዎች ብቻ የቀረ ዝርያ ከጠፋ ግን መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ለዝርያዎቹ ከፍተኛ ስጋት ከሆኑት አንዱ አጠውልግ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው። በኢትዮጵያ እንሰትን እንደሚያጠቃ በሳይንሳዊ ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። በተበከለ ቢላዋና በታመመ ችግኝ ይዛመታል። በባህላዊው የማባዛት ዘዴ የአሚቾው የመሐል እምቡጥ ተነሥቶ አሚቾው ሲቀበር በርካታ ችግኞች ይበቅላሉ፤ እናቲቱ ከታመመች ግን ችግኞቹም በሽታውን ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። ዘር ማስቀመጥም ብቻውን አይበቃም፤ እንሰት አብዛኛውን ጊዜ ዘር ሳያፈራ ይቆረጣል፣ ከዘር የበቀለውም የእናቱን ጠባይ በትክክል አይዝም።

ቲሹ ካልቸር የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ባለሙያው ከጤነኛ እንሰት አሚቾ የእድገት ጫፉን ይወስዳል፤ በአልኮልና በበረኪና ካጸዳ በኋላ ስኳር፣ ማዕድናትና የእድገት ሆርሞን ባለበት ንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ጫፉ ቀንበጦችን ያወጣል፣ ቀንበጦቹ እየተከፈሉ ይባዛሉ፣ ሥር ካበቀሉ በኋላም ከውጭው አየር ጋር ቀስ በቀስ ይላመዳሉ። የእድገት ሙቀቱ ሲቀነስ ደግሞ አንድ ዝርያ በጠባብ መደርደሪያ ላይ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። በወላይታ የሚገኘው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደሚያደርገው ዝርያዎችን በማሳ ላይ ማቆየት ጠቃሚ ነው፤ ይሁን እንጂ ማሳ ሰፊ መሬት ይፈልጋል፣ አጠውልግም ሊገባበት ይችላል።

ሥራው ቀላል አይደለም። እንሰት ሲቆረጥ የሚያወጣው ፈሳሽ ጠቁሮ ኅብረ ህዋሱን ይጎዳል፤ በውስጡ ተሰውረው የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ብልቃጡን ያበላሻሉ። በተጨማሪም ከቤተ ሙከራ የወጣ ችግኝ ንጹሕ ነው ማለት በሽታን ይቋቋማል ማለት አይደለም። በተበከለ ቢላዋ ከተነካ እንደማንኛውም እንሰት ይጠወልጋል። ስለዚህ ቢላዋውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲያሻግሩ በእሳት ወይም በበረኪና ማጽዳት፣ የታመመውንም ነቅሎ መቅበር የግድ ነው።

አርሶ አደሮች ናሙና ከመስጠታቸው በፊት መብታቸውን ማወቅ ይገባቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የማኅበረሰብን የጄኔቲክ ሀብት ለመጠቀም የሚፈልግ አካል ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ማኅበረሰቡም አስቀድሞ ተነግሮት መስማማት ይኖርበታል፣ ከሚገኘው ጥቅምም ይጋራል። ጎረቤታሞች እንደ ልማዳቸው ችግኝ መለዋወጣቸውን ግን አዋጁ አይከለክልም።

በጓሮው ብርቅ የሆነ ዝርያ ያለው ሰው የመጨረሻውን ተክል ከመቁረጡ በፊት ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ማሳወቅ ይችላል። የዝርያው የአካባቢ ስም፣ ለምን እንደሚውልና ከማን እንደተገኘ አብሮ ቢነገር መልካም ነው፤ ስሙና ጥቅሙ ያልተመዘገበ ተክል በብልቃጥ ቢቆይም ማንነቱን ለይቶ ወደ ባለቤቱ ለመመለስ ያስቸግራል።