ከቅርጫቱ ሥር ወደ ብረቱ

የወጣትነት ዘመኑን ቅርጫት ኳስ ሲጫወት ያሳለፈ ሰው እንዴት የክብደት ማንሳት አሰልጣኝ ለመሆን ይበቃል የሚለው ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ ደጋግሞ ስለ ደረሰኝ፣ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ ወደድሁ።

አንድ አሰልጣኝ ራሱ ከተወዳደረበት መስክ ወጥቶ ሌላውን ማስተማሩ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። አቶ ንጉሤ ሮባ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ የተሰለፉት በአጭር ርቀት ሩጫ ነበር፤ ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ ግን አሰልጣኙ እርሳቸው ነበሩ። የምሩጽን የመጨረሻ ዙር አፈትልኮ መውጣት ባሰብሁ ቁጥር፣ ከኋላው የቆመው መምህር የመቶ ሜትር ሰው መሆኑን አብሬ አስባለሁ። ከዜማ ቤት ወጥቶ ቅኔ ቤት የገባ ደቀ መዝሙር የሠለጠነ ጆሮውን ይዞ እንደሚገባ ሁሉ፣ ስፖርተኛም ወደ ሌላው ሙያ ሲሻገር ባዶ እጁን አይሄድም።

እኔ ይዤ የተሻገርሁት ዝላይን ነው። ብዙ ሰው ብረት የሚነሣው በክንድ ይመስለዋል፤ ምሥጢሩ ግን በእግርና በዳሌ ውስጥ ያለ ሲሆን፣ አንሺው ቁርጭምጭሚቱን፣ ጉልበቱንና ዳሌውን በአንድ ቅጽበት ዘርግቶ ብረቱን ወደ ላይ ከሰደደ በኋላ፣ ብረቱ ገና አየር ላይ ሳለ እርሱ ፈጥኖ ከሥሩ ይገባል። 3.05 ሜትር ከፍታ ወዳለው ቀለበት የሚዘል ተጫዋችም እነዚሁኑ ሦስት መጋጠሚያዎች በዚያው ቅጽበት ይዘረጋል። የክብደት ማንሳት ውድድር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ብረቱን ከመሬት ሳያቋርጡ ከራስ በላይ ማድረስ፣ ሁለተኛው መጀመሪያ ትከሻ ላይ አሳርፎ ቀጥሎ ወደ ላይ መግፋት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሙከራ ተፈቅዶ ከሁለቱ የተገኘው ከፍተኛ ክብደት ይደመራል። ዝላዩ ቢጠቅመውም፣ ረጅም የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ረጅም ጭንና ረጅም ክንድ ስላለው ብረቱ የሚጓዝበት መንገድ ይረዝምበታል፤ ወገቡን ሳያጎብጥ ዝቅ ብሎ መቀመጥንም በብዙ ትዕግሥት መማር አለበት።

ከተማችንን ሐረርን በተመለከተ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኛል። አሚር ኑር በ16ኛው ምእት ዓመት ባሳነጹት የጀጎል ግንብ ውስጥ ቤት ከቤት ተደጋግፎ የቆመ በመሆኑ ለቅርጫት ኳስ የሚበቃ ደልዳላ ሜዳ ማግኘት ስለሚያዳግት፣ እኛ ለጨዋታ ከበሩ ወጥተን ወደ አዲሱ ከተማ እንሄድ ነበር። ብረት ለማንሳት ግን የአንድ ጌ ጋር፣ ማለትም የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ግቢ ይበቃል። ይህ ስፖርት ለጠባቧ ከተማችን የተሰጠ ጸጋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እስከ ዛሬም ተገቢውን ክብር ባለማግኘቱ ከልቤ አዝናለሁ።

በየሰፈሩ ወጣቶች ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው በብረት ቱቦ እያያዙ የሚሠሩትን ክብደት አልንቅም፤ የትጋታቸው ምስክር ነውና። ነገር ግን እወቁ፤ እውነተኛው የውድድር ብረት፣ ለወንዶች 20፣ ለሴቶች 15 ኪሎ የሚመዝነው፣ ክብደቱ የሚሰካባቸው ጫፎቹ በነፃነት ይሽከረከራሉ፤ ሲሚንቶው ግን ከቱቦው ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር፣ በፍጥነት ሲነሣ ጠቅላላ ክብደቱ አብሮ እየዞረ የእጅ አንጓንና ክርንን ይጠመዝዛል። ስለዚህ በሲሚንቶ ቁጭ ብድግ ሥሩበት፣ ከመሬት ቀስ ብላችሁ አንሡበት፤ ፈጣኑን ማንሳት ግን በመጥረጊያ እንጨት ተለማመዱ። እኔ ዘንድ የሚመጣ ጀማሪ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ እንጨቱ ከአካሉ ሳይርቅ ቀጥ ብሎ መውጣቱን ሳላይ ብረት አላስይዘውም፤ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችንም ከዝላይ ሲያርፉ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ አለመታጠፉን አስቀድሜ እመረምራለሁ።