የአፕልን ወረቀት የጻፉት ጠበቆች

ልጅዎ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሳሎንዎን ከያዘ ሰነባብቷል እንበል። ላፕቶፖቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲበሩ ያድራሉ፤ ቡናውም እርስዎ ሳያፈሉት ያልቃል። አንድ ቀን ጠጋ ብሎ «እማዬ፣ አፕሊኬሽን እየሠራን ነው፤ ትንሽ ገንዘብ ብታበድሪን…» ማለቱ አይቀርም። ብዙዎቻችን ያኔ የምንጠይቀው «ያዋጣል ወይ?» ብለን ነው። «በመካከላችሁ የተጻፈ ነገር አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ጥያቄ መጠየቅን ሥራቸው ያደረጉ ጠበቆች አሉ። ከቀዳሚዎቹ መካከል አራቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ ከሚገኝ ክሊሪ ጎትሊብ ከተባለ ትልቅ የሕግ ድርጅት ወጥተው ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዙ። ፓሎ አልቶ በምትባል ከተማም ትንሽ ቢሮ ከፈቱ። ከአራቱ አንዱ ቢል ፌንዊክ ነበር፤ ቢሮውም ዛሬ የሚታወቀው በእሱ ስም ነው። በጊዜው አካባቢው ገና የቺፕ ፋብሪካዎችና የጋራዥ ሙከራዎች መንደር ነበር። የኒውዮርክን ደመወዝ ትቶ ወደዚያ መሄድ፣ እኔን ከጠየቁኝ፣ ቤተሰብ የሚያስጨንቅ ውሳኔ ነው።

ሕጉም ቢሆን ገና አልተዘጋጀም ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኮምፒውተር ስለሚሠራ አንድ የቁጥር መለወጫ ስልት ተጠይቆ የፈጠራ መብት አይሰጠውም ብሎ ወሰነ። የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ በቅጂ መብት እንደሚጠበቅ የአሜሪካ ሕግ በግልጽ የደነገገው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ወጣት ሌሊቱን ተቀምጦ የጻፈው ኮድ የማን ነው ቢባል የጠራ መልስ አልነበረም። አራቱ ጠበቆች ሥራቸውን የመሠረቱት በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

አሁን ወደ አንድ ሌላ ሰው ልውሰድዎ። ሮናልድ ዌይን ይባላል፤ አታሪ በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ድርጅት ከስቲቭ ጆብስ ጋር ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1976 ጆብስ፣ ስቲቭ ዎዝኒያክና ዌይን በሽርክና አፕልን መሠረቱ። ውሉን በታይፕ የጻፈው ራሱ ዌይን ነው። ሁለቱ ወጣቶች 45፣ 45 በመቶ ያዙ፤ ለእሱ 10 በመቶ ደረሰው። ብዙም ሳይቆይ ጆብስ ለአንድ ሱቅ 50 ኮምፒውተር ለማስረከብ ተስማማና ዕቃውን በዱቤ አነሳ። ዌይንን እንቅልፍ የነሳው ይህ ነበር። እንዲህ ባለ ሽርክና ዕዳ ቢመጣ እያንዳንዱ ሸሪክ በግል ንብረቱ ይጠየቃል። ጆብስ 21 ዓመቱ፣ ዎዝኒያክ 25 ነበሩ፤ የሚወሰድባቸው ነገር አልነበራቸውም። በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረው ዌይን ግን ነበረው። ውሉ በተፈረመ በ12ኛው ቀን ስሙን አሰረዘ፤ ለድርሻውም 800 ዶላር ተቀበለ። በኋላ 1,500 ዶላር ተጨመረለት።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ምን ያለ ዕድለ ቢስ!» ይላል። እኔ ግን አልፈርድበትም። ባየው ወረቀት መሠረት ያደረገው ትክክል ነበር። ስህተቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 1977፣ አፕል ኩባንያ ሆነ። ይህን ማቋቋሚያ ያዘጋጀው የእነ ፌንዊክ ትንሽ ቢሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኩባንያው ዕዳ የኩባንያው ሆነ። ዌይን ሲፈልገው የነበረው ከለላ ከዘጠኝ ወር በኋላ መጣ ማለት ነው።

ቢሮው አብሮ አደገ፤ ዛሬ ጠበቆቹ በመቶዎች ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ፌስቡክ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ ጠበቃው ይኸው ድርጅት ነበር። ታሪኩ ግን ሁሉ ማር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወደቀው የክሪፕቶ ገበያ ኤፍቲኤክስም ደንበኛው ስለነበር ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች ድርጅቱን ከሰውታል፤ ድርጅቱ በበኩሉ ጥፋት የለብኝም ብሎ ተከራክሯል።

ወደ ሳሎንዎ እንመለስ። በእኛ አገር ጠበቆች በማኅበር ተደራጅተው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ስለዚህ በአንድ መስክ ላይ ብቻ የሚያተኩር የጠበቆች ቢሮ ገና ልጅ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ልጅዎ እንደ ዌይን በግል ንብረቱ እንዲጠየቅ የሚያስገድደው የለም ማለት ነው።

ኮዱስ? የቅጂ መብት አዋጃችን ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ያቅፋል። ተቀጣሪ በሥራው ላይ የሠራው ነገር፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ነው። እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ ቀን ባንክ ውስጥ ፕሮግራመር ከሆነና ማታ የሚጽፈው ከቀኑ ሥራው ጋር የሚነካካ ከሆነ፣ የቅጥር ውሉን አምጥቶ ያንብብልዎት። ሌላው ልጅ ነገ ለትምህርት ውጭ ቢሄድስ? የጻፈው ኮድ ለማኅበሩ ይቀራል ወይስ አብሮት ይሄዳል? ድርሻውን ዛሬውኑ ሙሉ በሙሉ ይወስዳል ወይስ በሠራው ዓመት ልክ? ጓደኛሞች ይህን መነጋገር ያፍራሉ፤ ማኅበርና ዕቁብ ላይ ግን ደብተር ከመያዝ አፍረን አናውቅም። ብድሩን ከመስጠትዎ በፊት ሦስቱንም ቁጭ አድርገው ይጠይቋቸው፤ መልሱንም ይጻፉት፣ ይፈርሙበት፣ ለጠበቃም ያሳዩት። የእርስዎም ገንዘብ ብድር ይሁን ድርሻ እዚያው ላይ ይግባ።

ዌይን የመጀመሪያውን ውል የራሱን ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በ500 ዶላር ሸጦታል። ሰነዱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ኒውዮርክ ውስጥ ለጨረታ ቀርቦ ወደ 1.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።