ኪኒኑ በቡና አይዋጥም!

«ደም አንሶሻል ተባልኩና የብረት ኪኒን ተሰጠኝ። በሦስተኛው ቀን ሰገራዬ ሲጠቁር ደንግጬ ተውኩት» አለችኝ አንዲት የሰፈራችን ወጣት። አይ እህቴ! ብረት የሚውጥ ሰው ሰገራው ይጠቁራል፤ የታወቀ ነው። እንደ ሬንጅ ከተጣበቀና ከከረፋ፣ ወይም ደም ከታየበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ነው።

በምን ትውጪው ነበር ብላት «በቡና» አትለኝም! ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ወተትና የጨጓራ ማስታገሻም ያው ናቸው። ሦስቱን ዙር ለለመደ ሰው ይከብዳል እንጂ፣ ኪኒኑን በባዶ ሆድ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ውጦ ቡናውን ከሁለት ሰዓት በኋላ ማድረስ ነው። ሆድ ከረበሸ ከምግብ ጋር ይሁን።

የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረትና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ይመክራል። ደም ያነሰው ሰው መጠኑን የሚነግረው ሐኪም ነው፤ የጎረቤት ኪኒን ተውሶ መዋጥ የለም! ያዞረው ሁሉም ደም አንሶት አይደለም፤ መጀመሪያ ሄሞግሎቢን ይታይ። የወር አበባ መብዛት፣ የሆድ ትል ወይም የጨጓራ ቁስለት ደሙን እየጨረሰው ከሆነ ደግሞ ኪኒን ብቻውን ቀዳዳ እንስራ መሙላት ነው።

ማዞሩ ሲተዋትም እንዳታቆም ነገርኳት። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላ የሰውነት ክምችት እስኪሞላ ሦስት ወር ገደማ ይቀጥላል።

ኪኒኑን የት አስቀመጥሽው? «አልጋዬ አጠገብ።» የእህቷ ልጅ እኮ ገና ሁለት ዓመቱ ነው! ከረሜላ መስሎት ብዙ የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል። ዛሬውኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፊበት አልኳት።